ጽፈን የምንቀብረው ዜና

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 ሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሠራተኞች ማፈስ ጀመረች። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሪያድ ውስጥ መንፉሃ በተባለው ሰፈር የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሰዋለን። በዚያ ሰሞን ዲያስፖራው ከዋሽንግተን እስከ ለንደን ሰልፍ ወጥቷል፤ ድረ ገጾቻችንም "የወገን ደም ይጮኻል"፣ "ዝምታው እስከ መቼ?" በሚሉ ዓይነት ርዕሶች ቀን ከሌሊት ጽፈዋል።

ለመሆኑ በዚያች ሰዓት መንፉሃ ውስጥ በር ዘግታ የተቀመጠች እህታችን ስልኳን አንስታ ጉግል ላይ ምን ብላ ትጽፋለች? "የወገን ደም" ብላ እንደማትፈልግ የታወቀ ነው። "ሳውዲ ምህረት ተራዘመ ወይ"፣ "ኢቃማ የሌለው ሰው እንዴት ይወጣል"፣ "የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሪያድ ስልክ" ነው የምትለው። መልሱ ምናልባት በጽሑፋችን አሥራ ሁለተኛ አንቀጽ ውስጥ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን "ኢቃማ" በማለት ፋንታ "ሕጋዊ የመኖሪያ ሰነድ" ብለን አሳምረን ከጻፍነው፣ መልሱና ጠያቂዋ ተላለፉ ማለት ነው። ባዶውን ቦታ የሚይዘው ደላላው ነው። ደላላ ቃል አያሳምርም፤ ሰው የሚጠይቀውን ቃል እንዳለ ይጽፋል።

ጉግል ጽሑፋችንን አንብቦ አብሮን የሚያዝን ፍጡር አይደለም። ሥራው በመጽሐፍ ጀርባ ላይ እንደምናየው የቃላት ማውጫ ነው፦ የትኛው ቃል በየትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ይመዘግባል፤ ሰው ቃሉን ሲጽፍ ከመዝገቡ ገጾቹን አውጥቶ በደረጃ ይደረድራል። በርዕስ ላይ ያለ ቃል በገጹ ግርጌ ከተወሸቀ ቃል የበለጠ ይከብዳል። ዛሬ ለጥያቄ በቀጥታ መልስ የሚሰጡት አዳዲስ ማሽኖችም ቢሆኑ የሚመገቡት ያንኑ በፊደል የተጻፈውን ነው።

እዚህ ላይ "እኛ እኮ ቁልፍ ቃል እናስገባለን" የሚል ድረ ገጽ አዘጋጅ አይጠፋም። የሚያስገባው ግን ብዙውን ጊዜ አንባቢ በማያየው የገጹ ራስጌ ላይ በነጠላ ሰረዝ የተደረደሩ ሠላሳ ቃላትን ነው። ይህ ዘዴ በ1990ዎቹ በእነ አልታቪስታ ዘመን ይሠራ ነበር። አጭበርባሪዎች ተረባረቡበትና ዋጋውን አጣ። ጉግልም በሴፕቴምበር 2009 ለደረጃ ጨርሶ እንደማይጠቀምበት በይፋ ተናገረ። እንግዲህ ዛሬም ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚጠይቅ "ባለሙያ" ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን አጥብቁ።

አንድን ቃል ሃምሳ ጊዜ መደጋገም፣ በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም መጻፍ፣ ይኼ ሁሉ ያረጀ ብልጠት ነው። በፌብሩዋሪ 2006 ጉግል የጀርመኑን ቢኤምደብሊው ድረ ገጽ ከመዝገቡ አውጥቶት ነበር። ጥፋቱ ለመፈለጊያው ማሽን ብቻ የሚታዩ፣ "ያገለገለ መኪና" የሚለው የጀርመንኛ ቃል የታጨቀባቸው ገጾች ማዘጋጀቱ ነው። ቢኤምደብሊውን ያልማረ እኛን ይምራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ከራሳችን ቃል ሌላ ሰዎች እኛን የሚጠሩበት ቃልም ይቆጠራል። ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ቀልደኞች ተነጋግረው፣ "የለየለት ውድቀት" የሚል ትርጉም ያላቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ከፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የሕይወት ታሪክ ገጽ ጋር በሊንክ ማያያዝ ጀመሩ። ቃላቱ በራሱ በዋይት ሐውስ ገጽ ላይ አልነበሩም። ያም ሆኖ እነዚያን ቃላት ጉግል ላይ የጻፈ ሁሉ ከላይ የሚመጣለት የፕሬዚዳንቱ ገጽ ሆነ። ጉግል ይህን ያስተካከለው በጃንዋሪ 2007 ነው። ሊንክ የሚለጠፍበት ቃል ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ግን ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። እኛስ? አንዳችን የሌላውን ጽሑፍ ስንጠቁም "ሙሉውን ለማንበብ እዚህ ይጫኑ" እንላለን፤ ሊንኩም የሚያርፈው "እዚህ ይጫኑ" ላይ ነው። ለጎረቤት ድረ ገጽ የሰጠነው ምርቃት ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል። "የመንፉሃ ተመላሾች ምን ይላሉ" በሚለው ላይ ቢለጠፍ ኖሮ ዋጋ ነበረው።

ወደ ራሳችን ቋንቋ ስንመጣ ጉዱ ይበዛል። "ኃይለ ሥላሴ" የሚለውን ስም ውሰዱ። የመጀመሪያውን ድምፅ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ መጻፍ ይቻላል፤ ስድስት ሆነ። ሥ እና ስ፣ ሁለት። ሴ እና ሤ፣ ሁለት። ስሙ ተለያይቶ ወይም ተያይዞ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ሁለት። ሲባዛ 48 ይመጣል! አንድ ንጉሠ ነገሥት፣ አርባ ስምንት አጻጻፍ። የሞክሼ ፊደላት ክርክር ከሊቃውንቱ ጉባኤ ወጥቶ የዜና ማሠራጫ ችግር ሆኗል። ማሽኑ አንዳንዱን እንደሚያዛምድ፣ አንዳንዱን እንደሚለያይ ለማየት "ሳዑዲ"፣ "ሳውዲ" እና "ሳኡዲ" ብላችሁ በሦስት መስኮት ፈልጉና የሚመጡትን ውጤቶች አስተያዩ።

መፍትሔው 48ቱንም ገጹ ግርጌ ላይ መደርደር አይደለም፤ ያ የቢኤምደብሊው መንገድ ነው። ዝግጅት ክፍሉ አንድ አጻጻፍ ይምረጥና በርዕስም በጽሑፍም ይጽናበት። ሕዝቡ በብዛት የሚጠቀምበት ሌላ አጻጻፍ ካለ አንድ ጊዜ በሥዕል መግለጫው ወይም ሰው ሲናገር በምንጠቅስበት ቦታ ይግባ። ቃሉ ቅጥያም ይፈትነዋል፦ "ለስደተኞች"፣ "የስደተኞቹን"፣ "ከስደተኛው" ለእኛ አንድ ናቸው። እንዲህ ያለውን ግንድና ቅጥያ በመለየት ረገድ እንግሊዝኛ ያገኘውን ትኩረት አማርኛ አላገኘም። ስለዚህ ባዶው "ስደተኛ" ቢያንስ አንድ ጊዜ ይጻፍ።

የከተሞች ስም ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አዳማ እንበል ወይስ ናዝሬት? ቢሾፍቱ ወይስ ደብረ ዘይት? መቐለ ወይስ መቀሌ? በዚህ ጉዳይ ስንት ወዳጅነት እንደፈረሰ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክርክሩን እዚህ አልከፍተውም። ነገር ግን በ1970ዎቹ አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው የሚፈልገው ያደገበትን ስም ጽፎ ነው፤ ልጁ የሚፈልገው ዛሬ የሚጠራበትን። ሁለቱም አንባቢዎቻችን ናቸው። "በአዳማ (ናዝሬት)" ብሎ መጻፍ ማንንም አይገድልም። ሰዎች በየትኛው ቃል ፈልገው እንደመጡ የሚያሳይ ሰርች ኮንሶል የሚባል መሣሪያ አለ፤ የራሱ የጉግል ነው፣ በነጻ። በወር አንድ ቀን ከፍቶ ማየት ለአዘጋጁ ብዙ ያስተምራል።

አገር ቤት በብዙ ድረ ገጾች ላይ የነበረው እገዳ ከ2006 ጀምሮ ዓመታት አስቆጥሯል። በጁን 2018 ከ200 በላይ የሚሆኑ ተከፈቱ። ቴሌ የዘጋብንን በየመግለጫው ስንቆጥር ኖረናል። በገዛ እጃችን የዘጋነውን ግን ማን ይቁጠረው? የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ እንጽፍ የነበረው የላቲኑን ፊደል ቦታ በተዋሱ ፎንቶች ነው። እነዚያ ገጾች በዓይን ሲታዩ አማርኛ ናቸው፤ ማሽኑ የሚያነበው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝብርቅ ነው። ከዚህ የባሰው ማኅተምና ፊርማ ያረፈበት መግለጫ በስካነር ተነሥቶ፣ አንዳንዴም ተጣሞ፣ "አስቸኳይ መግለጫ" በሚል ርዕስ ብቻ የሚለጠፈው ነው። ስንት ድርጅት፣ ስንት ዓመት፣ ስንት "አስቸኳይ መግለጫ"!

ሰነዱ ለታሪክ በምስል መቅረቱ አይከፋም፤ ማኅተሙም ይታይ። ከበላዩ ግን አምስት መስመር ይተየብ፦ ማን አወጣው፣ መቼ፣ የት፣ ስለ ምን፣ የእነማንስ ስም አለበት። በተለይ ስሞቹ። የታሰረ ወንድሙን ስም ሌሊት ጉግል ላይ የሚጽፍ ሰው አለ። ስሙ ከነአባቱና ከነአያቱ በፊደል ካልተተየበ፣ ምስሉ ላይ ቢኖርም አያገኘውም።