የዋጋ ግሽበት ቀነሰ ማለት ዕቃ ረከሰ ማለት ነውን?

አዳማ፦ በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. 37 በመቶ ገደማ ደርሶ የነበረው የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ከዚያ ወዲህ ዝቅ ብሏል። በገበያው ግን የአብዛኞቹ ዕቃዎች ዋጋ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ግሽበት የሚያመለክተው ዋጋ የሚጨምርበትን ፍጥነት እንጂ የዋጋውን ከፍታ አይደለምና።

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከተመረጡ ገበያዎች በየወሩ ዋጋ ይሰበስባል። እያንዳንዱ ዕቃ ቤተሰቦች በሚያወጡበት ገንዘብ ልክ ክብደት ይሰጠዋል፤ ምግብ ከግማሽ በላይ ይይዛል። ስለዚህ የጤፍ ዋጋ ጭማሪ ከጨው ይልቅ ውጤቱን ከፍ ያደርጋል።

ለአብነት፣ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ በአንድ ዓመት ከ40 ወደ 60 ብር፣ በቀጣዩ ዓመት ወደ 66 ብር ቢያድግ፣ ጭማሪው ከ50 ወደ 10 በመቶ ይወርዳል፤ ሸማቹ ግን 6 ብር ተጨማሪ ይከፍላል።

የመቂና የባቱ የመስኖ ሽንኩርት በብዛት ገበያ ሲገባ ዋጋው ይወድቃል፤ ሲያጥር ይንራል። ዓመታዊው ስሌት አንድን ወር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር የሚያነጻጽረው ይህ ወቅታዊ መዋዠቅ እንዳያዛባው ነው።

ምርቱን ባለፈው ዓመት ዋጋ የሸጠ አርሶ አደርም፣ ግሽበቱ ቢቀንስ እንኳ፣ የመግዛት አቅሙ ተሸርሽሯል።