በገናና የእንጦጦው ልጅ

ቅዱስ ዳዊት በሳኦል ፊት በገና ሲደረድር የሳኦል ጭንቀት ይቀልለት እንደ ነበር በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 16 ላይ ተጽፏል። አባቶቻችን እንደሚተርኩት በገና ወደ አገራችን የመጣው ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ነው።

በገና ከበግ አንጀት የተገመዱ 10 አውታሮች አሉት። እነዚህም የዐሠርቱ ትእዛዛት ምሳሌ ናቸው ይባላል። በቅዳሴ ጊዜ አይደረደርም፤ በቤት፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም ይደረደራል።

ክራር ሰምታችሁ እንደ ሆነ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። የበገና ድምፅ ግን ወፍራም ነው፤ እንደ ንብ ቀፎም እምም ይላል። ይህ ከምን ይመጣል? አውታሩ በርኩማ በሚባለው እንጨት ላይ ሲያልፍ፣ በመካከላቸው እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። አውታሩ ሲነካ እየተርገበገበ እንዚራዋን ይነካካል፤ እምታውም ይሰማል። እንዚራዋ ጥቂት ፈቀቅ ካለች ድምፁ ይደርቃል። ስለዚህ ደርዳሪው አውታሮቹን ከቃኘ በኋላ እንዚራዎቹንም አንድ በአንድ ያስተካክላል። ይህን መጽሐፍ በማንበብ ብቻ መማር አይቻልም፤ የመምህርን እጅ አይቶ፣ በጆሮ ለይቶ ነው። እንግዲህ መምህሩ ቢጠፋስ?

ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ የተወለዱት እንጦጦ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ (ከእናንተ ብዙዎቹ በዚህ ዕድሜ ላይ ናችሁ) ታላቁ የበገና ሊቅ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ጎረቤታቸው ሆኑ። መደርደርን ከእርሳቸው ተማሩ። አድገው በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ቢማሩም በገናውን አልተዉትም፤ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለሰባት ዓመታት ያህል አስተማሩ።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ያዘ። ሃይማኖታዊ ነው ተብሎ በጾም ወራት በሬዲዮ ይሰማ የነበረው በገና ተከለከለ፤ ኋላም ትምህርቱ ቆመ። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ በ1972 ዓ.ም. ገደማ ትምህርት ቤቱን ለቀው ፒያሳ ላይ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ከፈቱ። ሱቅ መክፈት ነውር አይደለም። ነገር ግን አስቡት፤ ከአለቃ ተሰማ የተቀበሉትን ቅኝት ለማን ያስተላልፉት?

እርሳቸው ግን በገናቸውን አላስቀመጡም። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ እጃቸው ገና አልረሳም ነበር። በአገር ውስጥም በውጭም መድረክ ላይ ደረደሩ። በፈረንሳይ አገር ከታተመው «ኢትዮፒክስ» ከተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ሥራ 11ኛው ክፍል የእርሳቸው በገና ነው። እርሳቸውና እንደ እርሳቸው የጸኑ ጥቂት ደርዳሪዎች ስለ ነበሩ፣ በኋላ በገና ልማር ብለው የመጡ ወጣቶች የሚያስተምራቸው አገኙ።

ልጆች፣ በመጪው ዐቢይ ጾም በገና ስትሰሙ ዝም ብላችሁ እምታውን ለዩ። ከዚያም በደብተራችሁ ላይ በገና ሥላችሁ እንዚራ የምትገባበትን ቦታ ለመምህራችሁ አሳዩ።