ከአንድ «ጆሮ» ስንት ቃል ይወጣል?

«የኔ ውድ» ሊላት ፈልጎ «የኔ አጋዘን» ብሎ የጻፈላትን ጎረምሳ ታውቁታላችሁ? እኔ አውቀዋለሁ። ስሙን ግን አልነግራችሁም። ልጅቷ እስከ ዛሬ ትስቅበታለች።

ጉዱን የሠራችው አንዲት ፊደል ናት። በእንግሊዝኛ «ዲር» ማለት ውድ ነው፤ «ዲር» ማለት አጋዘንም ነው። ጆሮ ሁለቱን አይለይም፤ የሚለየው ዓይን ነው። የፊተኛው ውስጥ «ኤ» አለች፣ በኋለኛው ውስጥ በእሷ ቦታ «ኢ» ተደግማ ገብታለች። በቃ! በዚህች ብቻ ሰውየው ሚዳቋ አፍቃሪ ሆኖ ቀረ።

ለመሆኑ እንዲህ ያሉትን ቃላት ዓይናችን እንዲለያቸው ምን ይሻላል? አንድ ዘዴ መንዝ ውስጥ አይቼ ወድጄዋለሁና ላካፍላችሁ።

ጭብጥ ቆሎ ያስያዘ ጨዋታ

መሐል ሜዳን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከምሽቱ 1 ሰዓት ካለፈ ወዲህ ሰው ባናውን ተከናንቦ ምድጃ ዳር ነው። በእንግድነት ባረፍኩበት ቤት ወንድምና እህት አሉ። ወንድምየው የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ማለፊያው አልመጣለትም። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ሲያይ ፊቱን ያዞራል አሉኝ። እህትየው ገና 11ኛ ክፍል ናት።

«ወንድም ጋሼ፣ ና እስቲ ሦስት ፊደል ልስጥህ» አለችው።

ሕጉ ቀላል ነው። ሦስት ፊደል ይሰጣል። እነዚያ ፊደላት ሳይነጣጠሉ በተርታ የሚገኙበትን የእንግሊዝኛ ቃል የጠራ ከሰፌዱ አንድ ጭብጥ የገብስ ቆሎ ይወስዳል። ትርጉሙን በአማርኛ ካልተናገረ ግን ቆሎውን ይመልሳል።

«ኢ፣ ኤ፣ አር» አለች።

«ኢር፤ ጆሮ» አለ እያመነታ። እሷ ከፊቱ «ኤች» ጨመረችና «ሂር፤ መስማት» አለች። እሱ ከኋላ «ቲ» ቀጠለበት፤ «ሃርት፤ ልብ»። እሷ ያችኑ «ኤች» ከፊት አንስታ መጨረሻ ላይ አስቀመጠችና «ኧርዝ፤ መሬት!» ብላ ጮኸች። ከዚያማ ማን ያቁማቸው? «ይር» ዓመት፣ «ለርን» መማር፣ «ኒር» ቅርብ፣ «ቲር» እንባ… ልጁ «ፊር፤ ፍርሃት» ላይ ሲደርስ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ቆሎውን አነሳና «ቀጥዪ» አላት።

አያትየው በበኩላቸው «እኔ እምቆላ፣ እናንተ እምትቃሙ! ቆሎዬን የፈረንጅ ፊደል ጨረሰው» እያሉ ይስቃሉ።

እኛን ለምን ይቸግረናል?

እኛ በፊደል ገበታ ያደግን ነን። 33ቱ ፊደል በ7 ቤት 231 ቅርጽ አለው፤ «ለ» የትም ብትሄድ «ለ» ናት። እንግሊዞች ግን በ26 ፊደል ያን ሁሉ ድምፅ ሊያወጡ ነው የሚታገሉት። ስለዚህ ያችው «ኢ፣ ኤ፣ አር» አንዴ «ኢር»፣ አንዴ «አር»፣ አንዴ «ኧር» ትሆናለች። ይባስ ብሎ «ቲር» ተብሎ ሲነበብ እንባ የሆነው ቃል፣ አንዲት ፊደል ሳይቀየርበት «ቴር» ሲባል መቅደድ ነው!

ምክንያት አለው። ዊልያም ካክስተን የማተሚያ መሣሪያ ወደ እንግሊዝ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1476 ነው። ከዚያ ወዲህ የሰዉ አነጋገር ብዙ ተለዋወጠ፤ አጻጻፉ ግን በአብዛኛው ባለበት ቀረ። በእኛም ቢሆን እኮ አለ። በግዕዝ «ሠረቀ» በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ በእሳቱ «ሰ» ሲጻፍ ግን የሌባ ሥራ፣ መስረቅ ነው። ዛሬ ጆሯችን አይለያቸውም፤ የኔታ ግን በዓይናቸው ይለያሉ። ለእንግሊዝኛም የሚያስፈልገን ይኸው የየኔታ ዓይን ነው።

እናንተም ሞክሩት

አንደኛ፣ ፊደላቱን በካርቶን ቁረጡ። ስንት ስንት? እስክራብል የተባለውን ጨዋታ የፈጠረው አሜሪካዊ አልፍሬድ በትስ በ1930ዎቹ ሥራ ያጣ አርክቴክት ነበር። ጋዜጣ ዘርግቶ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቆጠረ። ለዚህ ነው ከ100ዎቹ ጠጠሮች «ኢ» 12፣ «ኤ» እና «አይ» 9፣ 9፣ «ኪው» ግን 1 ብቻ የሆነችው። እናንተም በዚሁ ልክ ቁረጡ።

ሁለተኛ፣ ቃል ስትፈልጉ አንዲት ፊደል ከፊት፣ አንዲት ከኋላ እየጨመራችሁ ሞክሩ። በዘፈቀደ ከማሰብ ይልቅ ከ«ቢ» እስከ «ዜድ» በተራ ሂዱ።

ሦስተኛ፣ ያገኛችሁትን ቃል ከነትርጉሙ ደብተር ላይ ጻፉ። ትርጉሙን ያላወቃችሁት ቃል ያው የተመለሰ ቆሎ ነው።

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ…

ነገሩ የቆሎ ብቻ አይደለም። ልጆቻችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ፊዚክሱም ባዮሎጂውም የሚጠየቀው በዚያው ነው፤ ጥያቄው ካልገባ የሚያውቁትም ይጠፋል። ጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። ከሞላሌ እስከ ራቤል፣ ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ፣ ቤት የዋለ ልጅ ይህን ለመጫወት ክፍልም መብራትም መጠበቅ የለበትም።

ፊደል ማቀያየር ከፈቀዳችሁ ደግሞ ጨዋታው ይሰፋል። የእህትየው ምርጥ ቃል «ቲቸር» ነበር፤ አስተማሪ። ከሰባቱ ፊደላት ልብም፣ መሬትም፣ ዛፍም፣ ሦስትም፣ መፍጠርም፣ መጥላትም ይወጣል። ሰባቱንም ሳታስቀሩ ብታገላብጧቸው ግን «ቺተር» ይመጣል፤ አጭበርባሪ! ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ የተደረገው በዚሁ በኩረጃ ምክንያት አልነበር? ፊደሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ አደራደሩ ላይ ነው።

ለሳምንት የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ «ኦ፣ ኤን፣ ኢ»። ለብቻዋ «አንድ» ናት። በውስጧ ገንዘብ፣ ማር፣ ድንጋይ፣ አጥንትና ብቸኝነት አሉ። ፈልጓቸው። ቆሎውን እናንተ አዘጋጁ።

ቸር እንሰንብት!