ዊንዶውስን ሳናጠፋ ኡቡንቱ እንጫን

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ ገና የሚያገለግሉ ብዙ ኮምፒውተሮች አይቀበሉትም። ካዛንቺስና ቂርቆስ ቢሮ ላላችሁ፣ ማሽኑን ከመጣላችሁ በፊት ሃርድ ዲስኩን ለሁለት ከፍላችሁ ኡቡንቱ የተባለውን ስርዓተ ክወና ከዊንዶውስ ጎን ብትጭኑ ይሻላል እላለሁ። «ለምን ዊንዶውስን ጨርሰን አናጠፋውም?» የሚል ይኖራል። ሒሳቡን በፒችትሪ የያዘ፣ የዓመታት ደብዳቤውን በፓወር ግዕዝ የጻፈ ቢሮ ግን በአንድ ቀን መሻገር አይችልም። ኢንተርኔቱን በኡቡንቱ፣ ሒሳቡን ከኔትወርክ በተነጠለ ዊንዶውስ ይሥራ። «ቨርቹዋል ማሽንስ?» ለሚሉ፣ 4 ጊጋባይት ራም ሁለቱን ባንድ ጊዜ መሸከም ይከብደዋል።

አደጋ አለው የሚሉም ልክ ናቸው። ዲስኩ እየተከፈለ መብራት ቢጠፋ ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ሁሉንም በውጭ ዲስክ ገልብጡ፣ ዴስክቶፕ ከሆነም ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ። ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር ከበራ የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉት። የ«ሲ» ድራይቭን በራሱ በዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት አሳንሱት፤ የትኛው ፋይል ከቦታው እንደማይነሳ የሚያውቀው እሱ ነው። ፋስት ስታርትአፕንም አጥፉ፤ አለዚያ ዊንዶውስ ድራይቩን በቅጡ ሳይዘጋው ይተወዋል፣ ኡቡንቱም ሊጽፍበት አይችልም። ሰዓቱ በ3 ሰዓት ቢዛባ አትደንግጡ፦ የማዘርቦርዱን ሰዓት ዊንዶውስ እንደ አዲስ አበባ፣ ኡቡንቱ ግን እንደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚያነቡት ነው። ኡቡንቱን የአካባቢውን ሰዓት እንዲከተል ማዘዝ ይበቃል።