ጥቅምት 4 ላፕቶፕዎን አልገደለውም

ከጅግጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ፣ ኮምፒውተር በሚሸጥበትና በሚጠገንበት ቤት ሁሉ አንድ ወሬ ሲዞር ከርሟል፦ «ዊንዶውስ 10 ተዘግቷል፤ ያ ላፕቶፕ ከእንግዲህ አይነሣም፤ ዋጋው ሳይወድቅ ሽጠው።» ወሬው ሐሰት ነው። ሰው ለልጁ መማሪያ ብሎ የገዛውን ዕቃ በወሬ ተደናግጦ በርካሽ መስጠት የለበትም፤ ስለዚህ የተባለውንና የሆነውን እንለይ።

ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያቆመው ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይልከው የነበረውን የደኅንነት ማስተካከያ ነው። ማሽኑ ከዚያ ቀን በኋላም ይነሣል፤ ደብዳቤ ይጻፍበታል፣ ፊልም ይታይበታል፣ ፕሪንት ይደረግበታል። አደጋው ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው፦ ከዚያ ወዲህ የሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል፤ ጊዜ በገፋ ቁጥርም እንዲህ ያለው ቀዳዳ ይበዛል። ለግል ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ ማራዘሚያ አለ፤ ለዚያ ግን በማይክሮሶፍት አካውንት መመዝገብ ግድ ነው።

ከማራዘሚያው በኋላስ? ማይክሮሶፍት ወደ ዊንዶውስ 11 እለፉ ይላል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ፕሮሰሰር ነው፤ በዚያ ላይ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። በበርበራና በውጫሌ መንገድ ከሚመጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች መካከል እንደ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 እና ቲንክፓድ ቲ460 ያሉት 6ኛ ትውልድ ናቸው። የእርስዎን ለማወቅ ስለ ኮምፒውተሩ በሚገልጸው ገጽ ላይ የፕሮሰሰሩን ስም ያንብቡ፦ አይ5-6300 የሚል ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 6 ስድስተኛ ትውልድ ማለት ነው፤ አይ5-8250 ከሆነ ስምንተኛ። አንዳንድ ባለሙያ ፍተሻውን አልፎ ዊንዶውስ 11ን በአሮጌ ማሽን ላይ ይጭናል፤ ይቻላል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ማስተካከያ ለመላክ ዋስትና አይሰጥም።

የሚቀረው መንገድ ሊኑክስ ነው። ታሪኩን በአጭሩ ልለፈው። ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ከርነል (የሲስተሙ እምብርት)፣ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ካቋቋመው የጂኤንዩ ሥራ ጋር ተዋህዶ ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሆነ። ዛሬ በእጅዎ ያለው አንድሮይድ ስልክ ውስጥም ያ ከርነል አለ። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ፤ በኡቡንቱ ላይ የተሠራው ሊኑክስ ሚንት በ2006። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ለጀማሪ አይጠቅምም። መልኩ ለዊንዶውስ ሰው እንግዳ ስለማይሆን ሚንትን እመክራለሁ፤ ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ዓይነት።

ሰው የሚፈራው ሌላ ነው። «ልሞክር ብዬ ፋይሌ ቢጠፋስ?» ይላል። ይህን ፍርሃት «አይዞህ፣ ችግር የለም» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ሊኑክስ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሽ ላይ ብቻ ይሠራል ሲባል ማሽኑ ውስጥ ምን እንደሚከናወን ያወቀ ሰው ፍርሃቱን ራሱ ይለካዋል።

የማብሪያ ቁልፉን ሲጫኑ መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ በተቀመጠ ቺፕ ውስጥ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ በአሮጌዎቹ ባዮስ፣ በአዳዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ይህ ፕሮግራም ራሙን፣ ኪቦርዱንና ስክሪኑን ካየ በኋላ አንድ ዝርዝር ይከፍታል፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፍለጋ በቅድሚያ የት ልሂድ? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ሃርድ ዲስክ ነው። በዴልና በሌኖቮ ኤፍ12ን፣ በኤችፒ ኢስኬፕን ተጭነው ቀጥሎ ኤፍ9ን ከመቱ ግን ምርጫው ለእርስዎ ይቀርባል። ፍላሹን ሲመርጡ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስ ጭራሽ አይነሣም።

ከፍላሹ ግረብ የሚባል አስጀማሪ ይነበባል፤ እሱ ከርነሉን ወደ ራም ይጭነዋል። ከርነሉ የማሽኑን ክፍሎች አንድ በአንድ እያወቀ፣ እያንዳንዱን የሚነዳ ሶፍትዌር እያገናኘ ይሄዳል። ከዚያ ዋናው ጉዳይ ይመጣል። የቀረው ሲስተም፣ ማለትም ዴስክቶፑ፣ ፋየርፎክስ፣ ሊብሬኦፊስና ሌላው ሁሉ፣ ፍላሹ ላይ ስኳሽኤፍኤስ በሚባል ስልት ታሽጎ በአንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ይህ ፋይል ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። አንዲትም ፊደል ልትለወጥበት አትችልም።

እዚህ ላይ ችግር አለ። የሚሠራ ኮምፒውተር በየሰከንዱ አንድ ነገር ይጽፋል፦ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል፣ የሰዓቱን አቀማመጥ፣ ብራውዘሩ የከፈታቸውን ገጾች። መጻፍ በማይቻልበት ሲስተም ላይ ይህ እንዴት ይሆናል? መፍትሔው ኦቨርሌይኤፍኤስ ይባላል፤ በኅዳር 2007 ዓ.ም. በወጣው የሊኑክስ 3.18 ከርነል ውስጥ ገባ። ተማሪ በተዋሰው መጽሐፍ ገጽ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ አንጥፎ በፕላስቲኩ ላይ ቢያሰምር፣ ከላይ ለሚያየው ሰው መስመሩ የመጽሐፉ ነው የሚመስለው፤ ፕላስቲኩ ሲነሣ ግን መጽሐፉ እንደነበረ ነው። በእኛ ጉዳይ መጽሐፉ የታሸገው ፋይል ሲሆን፣ ፕላስቲኩ ደግሞ ከራሙ ላይ የተቆረጠ ቦታ ነው።

ሥራው ሦስት መልክ አለው። አንድ ፕሮግራም ፋይል ላንብብ ሲል ከርነሉ መጀመሪያ የላይኛውን ንብርብር ያያል፤ እዚያ ከሌለ ወደ ታችኛው ይወርድና ያነበዋል። ያንኑ ፋይል ልለውጥ ሲል ከርነሉ ቅጂውን ወደ ላይኛው ንብርብር ያወጣና ለውጡን በቅጂው ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ቅጂው ነው፣ ዋናው ታች ተሸፍኖ ይኖራል። ሦስተኛው ማጥፋት ነው፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ታች ያለው ፋይል ሊጠፋ አይችልም፤ ስለዚህ ከርነሉ በላይኛው ንብርብር ላይ በዚያው ስም «ይህ የለም» የሚል ምልክት ያኖራል። ፕሮግራሙ ሲፈልግ ምልክቱን ያገኝና ፋይሉ ጠፍቷል ብሎ ያምናል። ሲስተሙን በሙሉ «ቢያጠፉት» እንኳ ያደረጉት ምልክት ማብዛት ነው። ትልልቅ ሰርቨሮች ኮንቴነር የሚባሉትን የሚያስኬዱት በዚሁ ዘዴ ነው፤ አንድ መሠረት ለብዙ ሥራ ያገለግላል፣ እያንዳንዱ ሥራ የሚጽፈው በየራሱ ንብርብር ላይ ነው።

ራም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት የያዘውን ሁሉ ይለቃል። ስለዚህ በሙከራው መሐል መብራት ቢጠፋና ባትሪውም የሞተ ቢሆን የሚጠፋው የሙከራው ንብርብር ብቻ ነው። ዊንዶውሱ በሃርድ ዲስኩ ላይ እንዳለ አለ።

ሦስት ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። አንደኛ፣ ሃርድ ዲስኩ አይነካም የተባለው እርስዎ ካልከፈቱት ነው። ከፋይል ማሳያው ላይ የዊንዶውሱን ዲስክ ከፍተው ፋይል ቢያጠፉ በእውነት ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ «ተዘጋሁ» ሲል ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ በቶሎ ለመነሣት ብሎ የከርነሉን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚያንቀላፋው። በዚያ ሁኔታ ላይ ያለን ዲስክ ሊኑክስ ብዙውን ጊዜ ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል ወይም አልከፍትም ይላል፤ ልክም ነው። ሺፍትን ይዘው ሲዘጉት ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ሦስተኛ፣ ላይኛው ንብርብር በተለመደው አሠራር ከራሙ ግማሽ ያህሉን ነው የሚያገኘው፤ በሙከራ ጊዜ ትልቅ ፊልም አያውርዱበት።

«ሞከርኩት፣ ቀርፋፋ ነው» የሚል ፍርድም ደጋግሜ እሰማለሁ፤ ይህ ሊኑክስን መመዘን አይደለም። ከፍላሽ ሲሠራ እያንዳንዱ ፕሮግራም መጀመሪያ ሲከፈት ከፍላሹ ተነብቦ፣ እሽጉ ተፈትቶ ነው የሚመጣው፤ ፍላሹም ከኤስኤስዲ በብዙ ይዘገያል። ያንኑ ፕሮግራም ዘግተው ሲደግሙት የሚፈጥነው ራሙ ውስጥ ስለቀረ ነው። በሙከራ መታየት ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ዋይፋዩ ያዘ? ድምፁ ወጣ? ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ነቃ? ፕሪንተሩ አተመ? ኢንቴል ዋይፋይ ካርድ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጣጣ ይሠራል፤ ብሮድኮም ያለው ተጨማሪ ድራይቨር ሊጠይቅ ይችላል።

ፍላሹን ዊንዶውስ ላይ ሆነው ሩፈስ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ያዘጋጁታል፤ 8 ጊጋባይት ይበቃል፣ በላዩ ላይ የነበረው ሁሉ ግን ይጠፋል። የሚንት ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ቀላል አይደለም። አንዱ አውርዶ ለሌላው በፍላሽ ቢሰጥ፣ ከጅግጅጋ ወደ ቀብሪበያህ፣ ወደ ሐርሺን ወይም ወደ አውበሬ ቢልክ ሕጋዊ ነው፤ ከርነሉ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የወጣበት የጂፒኤል ፈቃድ መገልበጥንና ማደልን በግልጽ ይፈቅዳል። የተቀባዩ ድርሻ የፋይሉን ኤስኤችኤ-256 ቁጥር አስልቶ ሚንት ካወጣው ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው። አንዲት ቢት እንኳ ብትለወጥ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ዊንዶውስን በክራክ የሚያነቃውን «አክቲቬተር» ለመጠቀም ግን መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይባላል፤ ጠባቂውን አስወጥቶ ያልታወቀ ሰው ማስገባት ለምን እንደ ተለመደ ፈጽሞ አይገባኝም።

ቋንቋስ? ሶማልኛ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የተለየ ኪቦርድ አይፈልግም። የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ ጂሊብሲ ለሶማልኛ የኢትዮጵያ፣ የሶማሊያ፣ የጅቡቲና የኬንያ የቀንና የቁጥር አጻጻፍ ለየብቻ አለው፤ ሜኑዎቹ ግን በብዛት በእንግሊዝኛ ናቸው። ለአማርኛ አይባስ የሚባለውን የጽሑፍ ማስገቢያ ፕሮግራም ከኤም17ኤን ጋር ጭነው አማርኛን ይመርጣሉ፤ ሰላም ለማለት በላቲን ፊደላት እንደ ድምፁ ነው የሚመቱት። ችግር የሚመጣው ከአሮጌ ሰነድ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ያኔ የተጻፈ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ፣ ሊኑክስም ይሁን አዲስ ዊንዶውስ፣ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። በዩኒኮድ የተጻፈው ይነበባል፤ ሆኖም ኒያላ ፎንት ሊኑክስ ላይ ስለሌለ በሌላ ይተካና መስመሩና ገጹ ይንሸራተታል። ደብዳቤ ለሌላ ቢሮ ሲልኩ ፒዲኤፍ ያድርጉት።

አሁን የእኛ ባለሙያዎች ወደምንከራከርበት ልምጣ፦ «ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም» ወደሚለው። ፍላሽ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስ ላይ አይነሣም። ይህ እውነት ነው። ፍላሹ ላይ ግን እንዳለ ይቆያል፤ ቀጥሎ የሚሰካበትን ዊንዶውስ ይበክላል። ሊኑክስም ራሱ ቀዳዳ አለው፦ በጥር 2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ፕውንኪት የተባለው ስሕተት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይታረም ኖሯል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤክስዜድ በሚባለው የማሸጊያ ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጀርባ በር ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው፤ ከሩቅ ወደ ማሽን መግባት የግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ለምን ብሎ መረመረ። አንዳንዶች ይህን የክፍት ኮድ ድል ይሉታል፤ ሌሎች በአንድ ሰው ንቃት የተገኘ ዕድል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ኮዱ ክፍት ባይሆን ኖሮ ግን ያ ሰው ምርመራውን እስከ ሥሩ ማድረስ ይከብደው ነበር። ለቤት ተጠቃሚ የሚጠቅመው መልስ አጭር ነው፦ የሚንት የአፕዴት ምልክት ሲበራ ይጫኑት።

ሁሉም ሰው ግን ይሻገር አልልም። በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠራ፣ በአውቶካድ የሚነድፍ ሰው ዊንዶውሱን ይያዝ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን መጫንም ይቻላል። ለዚህ አስቀድሞ ፋይሉን በሌላ ዲስክ ይገልብጥ፤ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን መክፈቻ ቁጥር ከማይክሮሶፍት አካውንቱ አውጥቶ በወረቀት ይጻፍ። ከዚያ በመጫኛው ላይ ቆም ብሎ ማንበብ የሚያስፈልግበት አንድ ገጽ አለ። አንደኛው ምርጫ ሚንትን ከዊንዶውስ ጎን ጫን ይላል፤ ሌላኛው ዲስኩን አጥፍተህ ጫን። የዊንዶውስ ስም በዚያ ገጽ ላይ ካልታየ መጫኛው አላወቀውም ማለት ነውና ይዝጉትና ይውጡ፤ ለመጫኛው ማረጋገጫ እስካልሰጡ ድረስ ዲስኩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።