በቀዶ ጥገና ወልደው ወደ ቤት ሲመለሱ

በደብረ ታቦር ሆስፒታል በቀዶ ጥገና ከተገላገሉ፣ አራስም ቁስለኛም ነዎት። አራስን ማስተኛት ደግ ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን እስከ ክርስትናው ከአልጋ አለመውረድ በእግር ሥር ውስጥ ደም ሊያረጋ ይችላል። ብርዱን ተጠንቅቀው በቤት ውስጥ ቀስ እያሉ ይራመዱ። ከሕፃኑ የከበደ ነገር ግን እስከ 6 ሳምንት አያንሱ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህ የአባወራው ሥራ ነው፣ ጎረቤት ቢስቅም!

ቁስሉ ላይ ቅቤ አይቀባ። ትኩሳት፣ መግል፣ ብዙ ደም ወይም የአንድ እግር እብጠት ከታየ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ቆዳው ቢድንም የተሰፋው ማኅፀን የሚጠነክረው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ቀጣዩን እርግዝና ቢያንስ 2 ዓመት ያቆዩ። በክንድ የሚቀበረውም ሆነ ሉፕ ጡት ለምታጠባ እናት ይስማማል፤ ባልና ሚስት አብራችሁ መጥታችሁ ጠይቁን። የሚቀጥለውን ልጅ ቤት ውስጥ አይውለዱ፤ የተሰፋው ቦታ በምጥ ጊዜ ሊተረተር ይችላል።