የአህያ አቤቱታ

የሰውን አቤቱታ ስንጽፍ ብዙ ዘመን ኖርን። ድንበር የተገፋበት፥ ብድር የተካደበት፥ ከባልዋ የተጣላች፥ ሁሉም በየተራው ቆሞ ቃሉን ሲሰጥ ብዕራችን ዕረፍት አላገኘችም። ከዕለታት አንድ ቀን ግን በደብረ ብርሃን ገበያ ስናልፍ፥ እስከ ዛሬ ቃሉን ማንም ያልተቀበለውን አንድ ባለጉዳይ አየን። ገብስ የሞላ ጆንያ እንደ ተጫነ፥ ጌታው ከወዳጁ ጋር ሲጫወት እርሱ ጆሮዎቹን ጥሎ ይጠብቅ ነበር። ጨዋታውም ረዘመ፤ የልጅ ጋብቻ፥ የእህል ዋጋ፥ የዘንድሮ ዝናብ ሁሉ ተነሣ፤ ጭነቱን ማውረድ ግን ለማንም ትዝ አላለውም።

ይህ ባለጉዳይ ቢናገር ምን ይል ነበር? በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 እንደ ተጻፈው፥ የበለዓም አህያ አንደበትዋ በተፈታ ጊዜ ስለ ምን እንደ ተመታች ጌታዋን ጠይቃለች። ከዚያ ወዲህ ዘመዶችዋ ዝም ያሉት የሚናገሩት አጥተው አይመስለንም። ስለዚህ እንደ ሙያችን ልማድ ቃሉን እንደሚከተለው ጻፍንለት።

«አመልካች እኔ አህያ ነኝ። ትውልዴ ቢጠየቅ ከሩቅ አገር የመጣሁ አይደለሁም፤ በ2014 ዓመተ ምሕረት ማብቂያ የታተመ የሊቃውንት የዘር ምርመራ፥ አባቶቼ ከ7 ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ ከሰው ጋር መኖር እንደ ጀመሩ ያስረዳል። ያልተገራው ዘመዴ የዱር አህያ ዛሬም በአፋር በረሃ አለ፤ ነገር ግን ቍጥሩ እጅግ አንሶ ሊጠፋ ተቃርቦአል። እኛ ለማዳዎቹ ግን በኢትዮጵያ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነን።

«አንደኛው አቤቱታዬ ስለ ስሜ ነው። ትምህርት ያልገባው ልጅ በስሜ ይሰደባል። እኔ ግን አንድ ጊዜ የሄድሁበትን መንገድ አልረሳም፤ ከወፍጮ ቤት ጭነው ቢለቁኝ ብቻዬን ደጃፌ እደርሳለሁ። ድንገት ብቆምም እልኸኛ ተብዬ እመታለሁ። ፈረስ ሲደነግጥ ይሮጣል፤ እኔ ግን ስፈራ ቆሜ አስባለሁ። ይህ ነገር ሰው ሲያደርገው ጥንቃቄ ከተባለ፥ እኔ ሳደርገው ስለ ምን ዱላ ያመጣብኛል?

«ሁለተኛው ስለ ተረታችሁ ነው። ‹አህያውን ፈርቶ ዳውላውን› እያላችሁ ትተርታላችሁ። ዳውላው የተጫነው በማን ጀርባ ላይ እንደ ሆነ ግን ተራቹ አልመረመረም።

«ሦስተኛው ስለ እናቶቻችን ነው። እናት አህያ ውርንጭላዋን 12 ወር ያህል በሆድዋ ትሸከማለች። በዚያ ላይ ጆንያ ይጨመርባታል፤ ስትዘገይም ሰነፍ ትባላለች።

«አራተኛው ስለ ቆዳዬ ነው። ቆዳችን ተቀቅሎ በቻይና አገር ለባህል መድኃኒት ይፈለጋል። በየካቲት 2016 ዓመተ ምሕረት የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ለቆዳችን ሲባል እንዳንታረድ መወሰናቸውን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ከሞትሁ በኋላ ገዢ የማያጣ ቆዳ፥ እኔ ለብሼው ሳለሁ የሚጎበኘው ሰው ስለ ምን አጣ?

«ከሥራ ልውጣ አልልም። ጆንያው ከመጫኑ በፊት ጀርባዬ ይታይልኝ፤ ጨዋታ ሲረዝምም ጭነቱ ይውረድልኝ። ዳኝነት የምጠይቀው ይህንኑ ነው።»

እስከዚህ ድረስ እየሳቅን ጻፍን። አራተኛው አቤቱታ ላይ ስንደርስ ግን ሳቃችን ቆመ፤ በዚህ ነገር እኛም ተከሳሽ ነንና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤታችን ውሃ የሚያመላልስ አንድ አህያ ነበረ። አንድ ቀን እንኳ ሥራውን አላጓደለም፤ ስለዚህ ደኅና ነው አልን። አንድ ማታ ታናሺቱ ልጃችን በጀርባው ያለውን ጆንያ ገለጥ አድርጋ ጮኸች። ሮጠን ብንደርስ ገመዱ ቆዳውን ልጦ ሥጋውን አግኝቶት ነበር። የአንድ ቀን ቁስል አልነበረም። የእንስሳት ሐኪሙ ጠርተነው ሲያየው፥ «አህያ ሕመሙን የሚሰውር ፍጥረት ነው፤ ዝም ማለቱን አትመኑ» ብሎ መከረን። አንድ ወር ሙሉ ከሥራ አሳርፈን ቁስሉን በፈላ የጨው ውሃ እያጠብን አዳንነው። በቁስሉ ቦታ ግን ነጭ ጠጕር በቀለበት፤ እርሱንም ባየን ቍጥር የተፈረደብን ፍርድ በዚያ እንደ ተጻፈ ይሰማን ነበር።

በገበያውም ቀን ይህ ትዝ ቢለን ወደ ባለ አህያው ቀረብ ብለን፥ «አባቴ፥ ጭነቱን ጥቂት ቢያወርዱለት?» አልናቸው። እርሳቸውም፥ «ምን ሆነ ብለው ነው ጌታዬ? ዝም ብሎ ቆሞ የለም እንዴ?» አሉን። እኛም የቤታችንን ነገር ነገርናቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና እጃቸውን በጆንያው ሥር አገቡ፤ ከዚያም ጨዋታቸውን ትተው፥ አንድ ቃል ሳይናገሩ፥ ገመዱን ይፈቱ ጀመር።

የቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ አህያ ያለው ሰው ከጭነቱ በታች ድርብ ጆንያ ያንጥፍ፤ ጭነቱንም በግራና በቀኝ አስተካክሎ ከጀርባ አጥንቱ ላይ ያርቀው። ማታ ማታም ልጆቻችሁ ጀርባውን በእጃቸው ይዳብሱ፤ ለእንስሳው መድኃኒት ነው፥ ለልጁም ትምህርት ነው። አህያ የሌለውም ቢሆን ቤቱን ይመልከት። በየቤቱ ቀድማ ተነሥታ ኋላ የምትተኛ፥ ብዙ ተሸክማ ጥቂት የምትናገር እናት፥ ወይም እኅት፥ ወይም ሠራተኛ አትታጣም። በፍርድ ቤት የምንሰማው የጮኸውን ነው፤ ሕጉም እንዲሁ ነው። በቤት ግን አቤቱታ እስኪጻፍ ድረስ መጠበቅ አይገባም።